ከኪስ የሚከፈል ህክምና ምንድን ነው? ጦርነት ባለበት አገርስ?

ባለፈው እዚሁ አዳማ ጎረቤቴን ከነልጇ ሆስፒታል ወስጃት ነበር፣ ከቀዬዋ ተፈናቅላ የመጣች ናት። የጤና መድህን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትይዘው፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ስትሰጠው የካርድ ክፍሉ ሰራተኛ ገለጥ ገለጥ አርጎ አየና "እናቴ ይሄ እኮ የዚህ ወረዳ አይደለም" አላት። በቃ ካርዱ ከኪሷ፣ ላብራቶሪው ከኪሷ፣ መድኃኒቱ ደግሞ የለም ከውጪ ግዙ ተባልንና ወረቀቱን ይዘን በባጃጅ ፋርማሲ ለፋርማሲ (ሶስተኛው ጋ ተገኘ)።

ከኪስ የሚከፈል የሚሉት እንግዲህ ይሄንን ነው፣ በታመምክበት ሰዓት ቆጥረህ የምትሰጠው ብር። ተቃራኒው እድር አይነት ነገር ነው፣ ማንም ሳይሞት በየወሩ ይዋጣል፣ የሞተ ቀን ድንኳኑ ይተከላል። የማህበረሰብ ጤና መድህንም ሀሳቡ እንደዛ ነው፣ እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳ ነው በሙከራ የተጀመረው። ግን መዋጮው በብዛት በየወረዳው ስለሚሰበሰብ ሰው ሲፈናቀል ደብተሩ አብሮት ይመጣል እንጂ ካዝናው አይመጣም።

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ካዝናው ራሱ ይደርቃል። ገበሬው ካላመረተ አያዋጣም፣ ባጀት ይቆማል፣ የነርሷ ደሞዝ ይቆማል፣ ጤና ጣቢያው በሩን ላለመዝጋት ከማን ይቀበላል? ከታማሚው ነዋ! እሱ ደግሞ ብር የሌለው ሰዓት ላይ ነው፣ በሬውን ይሸጣል ወይ ይበደራል።

ታዲያ ነፃ ነው ብሎ ማወጅ አይሻልም ወይ? ይሻላል፣ ግን ክፍያው ሲቀር የሚተካው ብር ከሌለ ነፃ የሚሆነው ካርዱ ብቻ ነው፣ መድኃኒቱን ያው ፋርማሲ ነው የምትገዛው። ሴራሊዮን ጦርነቷ ካበቃ ከ8 አመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከ5 አመት በታች ላሉ ህፃናት ህክምና ነፃ አረገች፣ እኔ የወደድኩት ግን አብራ የሰራችውን ነው፣ የጤና ሰራተኛውን ደሞዝ ጨመረች፣ በስም ብቻ ደሞዝ የሚበሉትን ከመዝገብ አወጣች። ብሩ በብዛት የለጋሾች ነበር እሱ አይካድም።

የለጋሽ ብር ደግሞ ጣጣው አፍጋኒስታን ላይ ታየ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለም ባንክ፣ አሜሪካና አውሮፓ ህብረት እየከፈሉ ድርጅቶች ነበሩ ጤና ጣቢያውን የሚያስኬዱት፣ ነሐሴ 2013 (በፈረንጅ 2021) ታሊባን ሲገባ ብሩ ተያዘና ሰራተኛው ያለ ደሞዝ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ቀረ፣ ኋላ ላይ የተመድ ድርጅቶች ገብተው ነው መክፈል የቀጠሉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የህክምና ወጪ ቤት አፍራሽ ሆነ የሚባለው ቤተሰቡ ከሚያወጣው ጠቅላላ ወጪ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ነው (25 በመቶ የሚባልም መለኪያ አለ)፣ በወር 10,000 ብር የሚያወጣ ቤት ከ1,000 ብር በላይ ለህክምና ካወጣ ማለት ነው። ይሄ ግን የሚቆጥረው የከፈለውን ብቻ ነው። የጎረቤቴ እናት ወገቧን ካመማት ወራት ሆኗታል፣ ለኔ ብላችሁ ብር አታባክኑ ብላ አልሄድም አለች፣ በመለኪያው የሷ ወጪ ዜሮ ነው።