መርፌ፣ ቀዶ ሕክምና ወይስ ሻይ? ስለ ውፍረት ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እኛ ዘንድ በሰው ክብደት ላይ አስተያየት መስጠት ነውር አይደለም። የወፈረውን «ተመችቶሃል» እንለዋለን፣ የከሳችውን «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»። ስለ ሕክምናው ግን የሚወራው በሹክሹክታ ነው፦ እገሊት ከአሜሪካ ስላስመጣችው መርፌ፣ እገሌ ቱርክ ሄዶ ስላስቆረጠው ጨጓራ። በዚህ መሃል ሁሉም የሚጠይቀው «የትኛው ቶሎ ያከሳል?» እያለ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቅደም ያለበት «የትኛውን ለዓመታት ልከታተለው እችላለሁ?» የሚለው ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ጥያቄ ስለሚዘለል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«መርፌው ስቡን ያቀልጠዋል»

አያቀልጥም። በብዛት የሚወራለት መርፌ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂ.ኤል.ፒ.-1 የተባለ ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት ነው። አንጎል ላይ ሠርቶ ረሃብን ያበርዳል፤ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል። ሰውየው የሚከሳው ትንሽ ስለሚበላ ነው። ዋናዎቹ ጉዳቶቹ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የሆድ ድርቀት የሆኑትም መድኃኒቱ አንጎልና ጨጓራ ላይ ስለሚሠራ ነው። ለክብደት ሲታዘዝ በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየ4 ሳምንቱ ከፍ የሚደረገው ሰውነት እንዲለምደው ነው። ልቸኩል ብሎ ከላይ የጀመረ ሰው ሌሊቱን ባልዲ አቅፎ ያድራል።

ከሚወርደው ኪሎ ውስጥ ደግሞ ጡንቻም አለበት። በጥቂት ጉርሻ የሚጠግብ ሰው ጉርሻውን በእንጀራ ብቻ ከሞላው ሰውነቱ ጡንቻውን የሚጠግንበት ፕሮቲን ያጣል። ምስሩን፣ እንቁላሉን፣ ዓይቡን ማስቀደም፣ ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴም መጨመር የሕክምናው አካል ነው።

«ኦዜምፒክና ዊጎቪ ሌላ ሌላ መድኃኒት ናቸው»

ሁለቱም ሴማግሉታይድ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኦዜምፒክን በ2017 ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ፣ ዊጎቪን ደግሞ በ2021 ለክብደት ፈቀደ። ማውንጃሮና ዜፕባውንድም እንዲሁ አንድ መድኃኒት ናቸው፣ ቲርዜፓታይድ። ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን በቀጥታ ባወዳደረና በ2025 በታተመ ጥናት ቲርዜፓታይድ የወሰዱት ከ72 ሳምንት በኋላ በአማካይ የክብደታቸውን 20 በመቶ፣ ሴማግሉታይድ የወሰዱት 14 በመቶ ያህል ቀንሰዋል።

ታዲያ ሁሉም ቲርዜፓታይድን ይምረጥ? ምርጫው በኪሎ ብቻ አያልቅም። ስኳር ሳይኖርባቸው የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው ከ17,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት ሴማግሉታይድ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞትን በአንድ ላይ ሲደመሩ በ20 በመቶ ቀንሷል። አንዴ ልቡን ለታመመ ሰው ይህ ከጥቂት ኪሎ ልዩነት ይበልጥበታል።

«10 ኪሎ ልቀንስና አቆመዋለሁ»

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት ይህ ነው። ሴማግሉታይድ ለክብደት የተሞከረበት አንድ ትልቅ ጥናት ሲያበቃ ተሳታፊዎቹ መድኃኒቱን አቆሙ፤ ከመካከላቸው የተወሰኑት በዓመቱ ሲመዘኑ ከቀነሱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተመልሶ ነበር። ሰነፎች ሆነው አይደለም። የደም ግፊት ኪኒን ሲቆም ግፊቱ እንደሚመለሰው ሁሉ፣ መርፌው ሲቆም ረሃቡም ይመለሳል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሒሳቡ ይሠራ። በአሜሪካ የዊጎቪ መደበኛ ዋጋ ለዓመታት በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ኢንሹራንስ የሚሸፍንለት ሰው ሥራ ሲቀይር ሽፋኑም ሊቀርበት ይችላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከያዘው ይጣላል። በሰው እጅ የመጣው ዕቃ ስንት ሰዓት ሻንጣ ውስጥ እንደቆየ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ማን ያውቃል? የሚቀጥለው ወር ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ መጀመር ማቅለሽለሹን አይቶ ኪሎውን መልሶ መቀበል ነው።

«ግማሹን ለእኅቴ አካፍላታለሁ»

ኦዜምፒክን የመሰለ እስክሪብቶ መሳይ መርፌ ብዙ መጠን ስለሚይዝ ለመካፈል ያጓጓል። የመርፌው ጫፍ ቢቀየር እንኳ ደም ወደ ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. ሊተላለፍ ይችላል። በዚያ ላይ እኅትየው በቤተሰቧ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ካለ፣ መድኃኒቱ ለእሷ አይሆንም። ቆሽቷ ተቆጥቶ ከነበረም አስቀድማ ለሐኪም መናገር አለባት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ መጠኑ ሳይስተካከልለት መርፌውን ቢጨምርበት ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

በብልቃጥ ተቀምሞ በሲሪንጅ የሚቀዳውም የራሱ መዘዝ አለው። በ2024 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወጉ ሰዎች እንደነበሩ አስጠንቅቋል፤ ሚሊግራሙን ከሲሪንጁ መስመር ጋር አምታተው ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ገበያ ላይ መገኘቱን አስታውቋል።

«ቀዶ ሕክምና ሞትን መጋበዝ ነው»

ለብዙ ሰው ይህ የድሮ ፍርሃት ነው። ዛሬ ሥራው በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይከናወናል፤ ልምድ ባላቸው ማዕከላት በመጀመሪያው ወር የሚሞተው ከ1,000 ሰው አንድ ገደማ ነው፣ ሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙም አይርቅም። ስሊቭ በሚባለው ዓይነት የጨጓራው 80 በመቶ ያህል ተቆርጦ ይወጣል፣ አይመለስም። ባይፓስ በሚባለው ጨጓራው ትንሽ ከረጢት ሆኖ ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ይገናኛል። ብርቱ ቃር ያለበት ሰው ስሊቭ ሊያባብስበት ስለሚችል ብዙ ጊዜ ባይፓስ ይመከርለታል። ይህን ሳይጠይቅ «ስሊቭ ነው የምንሠራው» ብቻ የሚል ቦታ እኔ አላምነውም።

100 ኪሎ የሆነ ሰው በቀዶ ሕክምና በአማካይ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይቀንሳል። ስዊድን ውስጥ በ1987 የተጀመረና ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ የተሠሩት ካልተሠሩት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል።

ለማን ነው? መለኪያው ቢ.ኤም.አይ. ነው፦ ኪሎን በሜትር ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል። ቁመቱ 1.65 የሆነ ሰው 82 ኪሎ ላይ 30 ይደርሳል፣ 96 ኪሎ ላይ 35ን ያልፋል። መድኃኒት የሚታሰበው ከ30 ጀምሮ ወይም ስኳርን፣ ግፊትን የመሰለ ሕመም ካለ ከ27 ጀምሮ ነው። ቀዶ ሕክምና በ2022 በወጣው መመሪያ መሠረት ከ35 ጀምሮ ይመከራል፤ ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ። ለሠርግ 5 ኪሎ መቀነስ የፈለገች ሙሽራ የትኛውም ውስጥ የለችም።

«ቱርክ ሄጄ ተሠራሁ፣ አለቀ»

ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። ስፌቱ ሊያፈስ የሚችለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የሆድ ሕመም ሲመጣ ሰውየው ቤቱ ገብቷል፣ የሠራው ሐኪም ሌላ አገር ነው። ሳይሄዱ በፊት «እኔን ተቀብሎ የሚከታተል ሐኪም እዚህ አለ?» ማለት ከሆቴሉ ኮከብ በላይ ያስፈልጋል።

ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እስከ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፣ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። የዓመቱን ግማሽ ያህል በጾም ለሚያሳልፍ ኦርቶዶክስ ይህ ጠበቅ ይላል፤ ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፣ በዚያች ትንሽ ጨጓራ ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን በቀን ከሽሮና ከምስር ብቻ መሙላትም ቀላል አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ይገባል። መጠጥም ቶሎ ራስ ላይ ይወጣል፤ ድሮ ሦስት ቢራ የማይሰማው ሰው በአንዱ ይሰክራል።

«ሻይው ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም»

ሲቡትራሚን የሚባል የማክሻ ኪኒን ልብን ስለሚጎዳ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የተመረመሩ ብዙ «የዕፅዋት» ማክሻ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ግን ይኸው መድኃኒት ሳይጻፍበት ተገኝቷል። ሻዩ በእርግጥ ረሃብ ካጠፋና ልብ ካስመታ፣ ውስጡ ምን እንዳለ መጠርጠር ነው።

«ሊፖሳክሽን ይሻለኛል»

ሊፖሳክሽን፣ ማለትም ስብን መጥጦ ማውጣት፣ ለቅርጽ ነው። በ2004 በታተመ አነስተኛ ጥናት ከሆዳቸው 10 ኪሎ ገደማ ስብ የተመጠጠላቸው ሴቶች የደም ግፊታቸውም ሆነ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ አልተሻሻለም።

«ከእርግዝና ጋር አይገናኝም»

ይገናኛል። ክብደት ሲወርድ እንቁላል መውጣት ይስተካከልና ያልታሰበ ጽንስ ይመጣል። ቲርዜፓታይድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንን ሊያዳክም ስለሚችል ሲጀመርም መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ለ4 ሳምንት ኮንዶም መጨመር ወይም ኪኒን ያልሆነ ዘዴ መያዝ ያስፈልጋል። ሴማግሉታይድ ለማርገዝ ከማሰብ ቢያንስ 2 ወር አስቀድሞ ይቆማል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ይመከራል። ልጅ ለመውለድ ብላ የምትከሳ ሴት የማቆሚያውን ቀን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ከሐኪሟ ጋር ትቁረጥ።