መጽሐፍ ስለ ማዋስ የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ባለፈው ዓመት አንድ መጽሐፌ ከሰባት ወር በኋላ ቤቱ ገባ። ያዋስኩት ለጎረቤቴ ነበር። እሱ ለእህቱ ሰጠ፣ እህቱ ለሥራ ባልደረባዋ አሳለፈች። ሽፋኑ ላይ የስኒ ቂጥ ክብ ሆኖ ታትሞበታል። መሀል ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በእርሳስ «እናቴም እንዲህ ነበር የምትለው» ብሎ ጽፏል። በስኒው ደሜ ፈላ። ጽሑፉን ግን ላጲስ ይዤ ቁጭ ብዬ ማጥፋት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ጅማ ውስጥ ሰው ስለ መጽሐፍ ማዋስ የሚለውን ልብ ብዬ እሰማለሁ። ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ። ብዙው ነገር ልክ አይደለም።

«ለመጽሐፍ መሳሳት የፈረንጅ ጠባይ ነው፤ የኛ ሰው ያለውን ያካፍላል»

ይህን የሚል ሰው የብራና መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፈለጋል፤ ጸሐፊውም ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» የሚል ቃል እናገኛለን። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ከዚህ በላይ ለመጽሐፍ መሳሳት ከየት ይመጣል?

የራሳችንን አገር ደግሞ እንይ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጅማ የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። በየሼኹ ቤት በእጅ የተጻፉ ኪታቦች ተቀምጠው ቆይተዋል። ኪታብ «ወቅፍ»፣ ማለትም ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው የተሰጠ፣ ከተባለ አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም። ግን ደረሳ ሁሉ ይማርበታል። እኔ ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። መጠበቅና ማካፈል የተጣሉ የሚመስለን እኛ ነን እንጂ እነሱ ሁለቱን አንድ ላይ አስኪደውታል።

«መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፤ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ»

እየሳቅን እንለዋለን፤ ውስጡ ግን «የተዋሰ ሰው ሌባ ነው» የሚል እምነት አለ። ከእኔ ቤት ወጥተው የቀሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ አስቤአቸው አውቃለሁ። ሆን ብሎ የወሰደብኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ያጠፋቸው መርሳትና ይሉኝታ ነው። እኔ «መልስልኝ» ለማለት አፍራለሁ። እሱ «ቆየሁብህ» ለማለት ያፍራል። ወር በሄደ ቁጥር እፍረቱ ያድጋል። በመጨረሻ መጽሐፉም ሰውየውም ይጠፋሉ።

አንድ የሰፈራችን ተማሪ ነበር። መጽሐፍ ከወሰደ በኋላ ሳየው መንገድ መቀየር ጀመረ። አንድ ቀን እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምንና «መጽሐፉን ጨረስከው ወይ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ባጃጅ ውስጥ ዝናብ መታብኝ። ገዝቼ ልተካ ብር ሳጠራቅም ነው» አለኝ፤ ዓይኑ መሬት መሬት እያየ። አራት ወር ሙሉ ያንን ተሸክሞ ሲሸሸኝ ነበር። ቀድሜ ጠይቄው ቢሆን አንድም ቀን አይሸሽም ነበር።

ስለዚህ አሁን ደብተር አለኝ። ቀኑን፣ የመጽሐፉን ርዕስና ስልኩን የሚዋሰው ሰው ራሱ ይጽፋል። በራሱ እጅ የጻፈ ሰው እንዲሁ አይረሳም። ስሰጠውም «ለሌላ ሰው አታሳልፈው፤ የሚፈልግ ካለ እኔ ጋ ላከው» እላለሁ። በወሩ እደውላለሁ። «መልስ» አልልም፤ «የት ደረስክ?» ነው የምለው። ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያዋሳችሁ ከሆነ ደግሞ ምረቃው ሳይደርስ ደውሉ። ሻንጣ ከተዘጋ በኋላ መጽሐፉ የሚሄድበትን አገር አታውቁትም።

«ከእጄ ካልወጣ አይበላሽም»

ይህ ጅማ ላይ በጭራሽ አይሠራም። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ እርጥበቱ ክረምት ካለፈም ይቆያል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ወረቀት ላይ ሻጋታ ይበቅላል። እኔ ራሴ ለማንም የማልሰጣቸውን መጻሕፍት በፌስታል ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጌ አልጋ ስር አስቀምጬ ነበር። በመስከረም ስከፍተው የጓዳ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጠርዛቸው ላይ ግራጫ ፀጉር የመሰለ ነገር ወጥቷል። ያዋስኳቸው ግን ደህና ነበሩ።

ፌስታል ዝናብ ይከለክላል እንጂ እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ ይይዛል። መጽሐፍ ጋዜጣ ለብዱለት፤ ከውጭ ግድግዳ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አቁሙት፤ አታጠባብቁት። ካርቶን መሬት ላይ ከተቀመጠ ምስጥም አለ። በወር አንዴ አውጥታችሁ ግለጡት።

ውሃ የነካው መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ወረቀቱ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይለቃል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ በየተወሰነ ገጹ ሶፍት አስገብታችሁ አቁሙት፤ ሶፍቱን ቀያይሩ። የተማሪውን መጽሐፍ እንዲህ አድርገን ለሦስት ቀን ያህል ስናደርቀው ሰነበትን። ትንሽ አበጠ እንጂ ይነበባል። የተቀደደ ገጽ ላይ ደግሞ ስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

«ፒዲኤፍ ማጋራትም ማዋስ ነው»

አይደለም። አንድ መጽሐፍ ሳውስ እኔ እጅ ላይ አይኖርም። ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ላይ የተጣለው ግን ተባዝቷል። ማባዛት የደራሲው መብት ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህንን ይጠብቃል። «ማዋስም ያው ደራሲን ይጎዳል» የሚሉም አሉ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው፤ በውሰት አንብቦ የወደደ ሰው ቀጣዩን ገዝቶ ያነባል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ ያቆየው ምን ነበር? ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው።

«ለአንዱ ካዋስክ ለሁሉም ማዋስ አለብህ»

የለብህም። አባቴ ስሙን በቀይ እስክሪብቶ የጻፈበት አንድ መጽሐፍ አለኝ። እሱ ከቤት አይወጣም፤ ለወንድሜም አልሰጠሁም። ምክንያቱን በግልጽ እናገራለሁ፤ እስካሁን የተቀየመኝ የለም። ማንበብ የፈለገ ግን ቤቴ መጥቶ ያነባል፤ ቡናም አለ።

ያ መጽሐፍ ዝናብ የመታበት ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። የአባቴን መጽሐፍ ነው የያዘው። ሊሄድ ሲል የባጃጅ ደረሰኝ የምታህል ቁራጭ ወረቀት የደረሰበት ገጽ ላይ ያስገባና መደርደሪያው ላይ ራሱ ያቆመዋል።