በአንድ መዝገብ ብዙ ተከሳሽ፦ ስለ አሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ክስ በስሕተት የሚታመኑ ነገሮች

የአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት የክስ ጽሑፍ በአናቱ ላይ በአንድ ወገን ዩናይትድ ስቴትስን፣ በሌላው ወገን ቁልቁል የተደረደሩ ስሞችን ይይዛል። ስሞቹ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሠላሳም ሊሞሉ ይችላሉ። የዘመዱን ስም ከመካከላቸው ያገኘ ሰው ወረቀቱን የሁሉም የጋራ ዕጣ አድርጎ ያነበዋል፤ ስሕተቱም ከዚሁ ይጀምራል። መዝገቡ አንድ ይሁን እንጂ የሚዳኘው እያንዳንዱ ለየብቻው ነው።

«1ኛ ተከሳሽ ዋናው ወንጀለኛ ነው፤ ከታች ያሉት ነገራቸው ቀላል ነው።»

ዐቃቤ ሕግ ዋና ነው የሚለውን ሰው ብዙ ጊዜ ከላይ ማስቀመጡ እውነት ነው። ቁጥሩ ግን የመዝገብ መለያ እንጂ የጥፋት ደረጃ አይደለም። ክሱ ተሻሽሎ ሰው ሲጨመር አዲሱ ተከሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩን ቁጥር ስለሚይዝ፣ 14ኛው ተከሳሽ ከ2ኛው የከበደ ክስ ሊኖርበት ይችላል። መፈለግ ያለበት ስሙ በየትኞቹ የክስ ነጥቦች ሥር እንደተጠቀሰ ነው። አሥር ነጥብ ባለው ክስ ውስጥ በአንዱ ብቻ የሚጠየቅ ሰው ብርቅ አይደለም።

«ግራንድ ጁሪ ከሰሰው፤ አለቀለት።»

አላለቀም። ግራንድ ጁሪ ከ16 እስከ 23 ሰዎች ያሉበት፣ በዝግ የሚሰበሰብ፣ የተጠርጣሪው ጠበቃ የማይገባበት ጉባኤ ነው። ለመክሰስ በቂ ምክንያት አለ ብለው 12ቱ ከተስማሙ ክሱ ያልፋል። የሰውየውን ጥፋተኝነት የሚወስነው ሌላ ጁሪ፣ ማለትም በችሎት ማስረጃውን የሚሰማ ሌላ የተራ ዜጎች ጉባኤ ነው።

«አንድ ጎበዝ ጠበቃ ለሁሉም ይበቃል።»

ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ጠበቃ መቅጠር ለቤተሰብ ቁጠባ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው እላለሁ። ዐቃቤ ሕግ ለአንዱ ተከሳሽ የተሻለ ስምምነት ቢያቀርብለትና ስምምነቱ በሌላው ላይ መመስከርን ቢጠይቅ፣ ያ ጠበቃ የቱን ይመክራል? ለዚህ ነው የፌዴራሉ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ አብረው የተከሰሱ ሰዎች አንድ ጠበቃ ሲይዙ ዳኛው ጉዳዩን እንዲያጣሩና እያንዳንዱ ተከሳሽ የራሱ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው በአካል እንዲነግሩት የሚያዝዘው። መክፈል ለማይችል መንግሥት ያቆምለታል።

የራስ ጠበቃ መኖሩ በአቤቱታም ላይ ለውጥ ያመጣል። 3ኛው ተከሳሽ ማስረጃ ውድቅ ይደረግልኝ ብሎ ያስገባው አቤቱታ ለ5ኛው በራሱ አይተላለፍም። 5ኛው በዚያ መጠቀም ከፈለገ ጠበቃው አቤቱታውን መቀላቀሉን በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ መብቱ የእሱም መሆኑን ማሳየት ይኖርበታል። የሌላ ሰው ቤት ያለ ፈቃድ ተፈትሾ ከሆነ፣ ቤቱ ያልሆነው ሰው በዚያ ብዙ አይጠቀምም።

«በ70 ቀን ውስጥ ካልተዳኘ ይለቀቃል።»

ይህች ቁጥር ብዙ ሰው አስጨንቃለች። በ1974 የወጣው የተፋጠነ ፍርድ ሕግ በእርግጥ 70 ቀን ይላል፤ የሚቆጠረውም ክሱ ይፋ ከሆነበት ወይም ተከሳሹ መጀመሪያ ችሎት ከቀረበበት ቀን፣ ከሁለቱ ዘግይቶ ከመጣው ነው። ሕጉ ግን ከቆጠራው የሚወጡ ቀናትንም ይዘረዝራል። ውሳኔ የሚጠብቅ አቤቱታ ካለ ሰዓቱ ይቆማል። ተከሳሾቹ ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ ጉዳዩ ውስብስብ ነው ብለው ዳኛው ጊዜ ሊጨምሩ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ፣ አብረው የሚዳኙ ሰዎች በአንድ ሰዓት ይቆጠራሉ፤ የመጨረሻው ተከሳሽ ዘግይቶ ሲቀርብ የቀደሙትም ቆጠራ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር ይጓዛል። ሁለት ዓመት የፈጀ የብዙ ሰው ክስ ሕጉን ሳይጥስ ሊፈጅ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜው በእውነት አልፎ ቢሆን እንኳ ተከሳሹ ፍርድ ከመጀመሩ በፊት ክሱ ይሰረዝልኝ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ዝም ካለ መብቱን ያጣል። ቢሰረዝም ዳኛው ዳግም ለመክሰስ በሩን ክፍት ሊተዉት ይችላሉ።

«ጓደኛው ስላመነ እሱም ጥፋተኛ ነው።»

የአንዱ ጥፋተኝነቱን ማመን በሌላው ላይ የጥፋተኝነት ማስረጃ አይደለም። ያመነው ሰው ቀርቦ ሊመሰክር ይችላል፤ ያኔ ግን የሌላው ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነዋል። ችግሩ ሰውየው ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ችሎት ላይ ሳይመሰክር ሲቀር ነው። ብሩተን በተባለው የ1968 ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አብሮት የሚዳኘውን ሰው በስም የሚወነጅል እንዲህ ያለ ቃል ለጁሪ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ ጁሪው በሌላው ላይ እንዳያውለው ማስጠንቀቁ ብቻ በቂ አይደለም አለ። በ2023 ግን ስሙ ወጥቶ «ሌላው ሰው» የሚል ከተተካና ጁሪው ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ቃሉ ሊቀርብ እንደሚችል ስለወሰነ ጥበቃው ጠበብ ብሏል። በሴራ ክስ ደግሞ በሴራው ጊዜ ሴራውን ለማራመድ የተባለ ነገር፣ ለምሳሌ የተጠለፈ የስልክ ንግግር፣ በሌሎቹም ላይ ይቀርባል።

«እርስ በርስ ስለሚካሰሱ ይነጣጠላሉ» የሚለውም ተስፋ ደካማ ነው። በ1993 በዛፊሮ ጉዳይ እንደተወሰነው፣ ተከሳሾች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ማላከካቸው ብቻውን መዝገቡን ለመነጠል አይበቃም።

«ከመዝገቡ አንድ ቁጥር ጠፍቷል፤ ከመካከላችን አንዱ እየመሰከረ ነው።»

የፍርድ ቤቱ ሰነዶች ፔሰር በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ይገኛሉ። ገጹ 10 ሳንቲም ነው፤ ከችሎት ቃለ ጉባኤ በቀር ለአንድ ሰነድ የሚከፈለው ከ3 ዶላር አያልፍም፤ በሩብ ዓመት ክፍያው ከ30 ዶላር ያላለፈ ሰው ምንም አይከፍልም። እያንዳንዱ ሰነድ የማንን ተከሳሽ ጉዳይ እንደሚመለከት ተጽፎበታል፤ ሰው ግን ይህን ሳያይ የሌላውን ቀጠሮ የራሱ አድርጎ ይደናገጣል። ሰነዶቹ በተራ ቁጥር ስለሚመዘገቡ፣ ከ87 ወደ 89 የዘለለ ቁጥር በመካከል ያለው ሰነድ ታሽጎ፣ ከሕዝብ ዕይታ ተሰውሮ መያዙን ሊያሳይ ይችላል። የሚታሸገው ተከሳሹ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ለመተባበር የገባው ስምምነት ብቻ አይደለም፤ የሕክምና መረጃ ይታሸጋል፣ ጠበቃ ለባለሙያ ምስክር የጠየቀው ገንዘብ ይታሸጋል። በአንድ የጎደለ ቁጥር የስንት ዓመት ወዳጅነት ፈርሷል! ዋናው የማስረጃ ክምርም እዚያ አይገኝም፤ ከዐቃቤ ሕግ ወደ ጠበቆቹ በቀጥታ ይሄዳል።

«ጁሪው አንዱን ጥፋተኛ ካለ ሁሉም ወደቁ፤ አንዱ ይግባኝ ካለም ለሁሉም ነው።»

ጁሪው ለእያንዳንዱ ተከሳሽ በእያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻ፣ በሙሉ ድምፅ ይወስናል። በአንዱ ላይ ተስማምቶ ውሳኔውን ካሳወቀ በኋላ ስለ ሌላው መመካከሩን መቀጠልም ይችላል። ይግባኝም እንዲሁ ነው፤ ስሙ በይግባኝ ማስታወቂያው ያልተካተተ ሰው የጓደኛው ይግባኝ አያድነውም። ቀኖቹንም መለየት ያስፈልጋል። አዲስ ማስረጃ ሳይገኝ ፍርዱ እንደገና ይታይልኝ የሚል አቤቱታ በ14 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ቆጠራው ከጁሪው ውሳኔ ይጀምራል። የይግባኝ ማስታወቂያም 14 ቀን አለው፤ የሚቆጠረው ግን ቅጣቱ ተወስኖ ፍርዱ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ቀን ነው።