ሜንተርነትና ኮቺንግ በከፍተኛ ትምህርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ዩኒቨርሲቲ ለገቡ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ በጥቅሉ በግቢው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች ሜንተር (ልምዱን እያካፈለ የሚመራ ሰው) ወይም ኮች (በውይይት ግባቸውን እንዲያሳኩ የሚያግዝ ሰው) ሲመደብ ተደጋግመው የሚሰሙ አስተያየቶች አሉ።

«ድጋፉ ለደካማ ተማሪዎች ነው።» ሥር የሰደደውና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ነው፤ ድጋፉ የሚያስፈልገው ተማሪ ራሱ አፍሮ ይሸሸዋልና። እውነታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪውን የሚጥለው ማንም ጽፎ ያላስቀመጠው የግቢው አሠራር መሆኑ ነው። መምህሩ በራቸው ላይ «የቢሮ ሰዓት፦ ማክሰኞ ከሰዓት» ብለው ሲለጥፉ፣ አንዱ ተማሪ እንዳይረበሹ የሚፈልጉበት ሰዓት መስሎት ይመለሳል፤ የተማሩ ወላጆች ያሉት ጓደኛው ግን ያልገባውን ይዞ የሚገባበት ሰዓት መሆኑን ከቤቱ ሰምቶ መጥቷል። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ በሩ አብሮት የሚሄድ ሜንተር ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ይህም ከማጠናከሪያ ትምህርት የተለየ ሥራ ነው። ቤቲንገር እና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት፣ ከ13,000 በላይ የአሜሪካ ተማሪዎች በዕጣ የተመደቡበት ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ኮቾቹ በስልክ የሚያወሩት በዋናነት ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ግብና ግቡን ከዕለት ሥራ ጋር ስለ ማያያዝ ነበር፤ ሆኖም ኮች የተመደበላቸው ትምህርታቸውን የመቀጠል ዕድላቸው በ5 መቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ ብሏል።

«ሜንተር ማበረታታት እንጂ መተቸት የለበትም።» ከደግነት የመጣ ስሕተት ነው። ኮኸን፣ ስቲል እና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ጽሑፋቸው ላይ ደረቅ ትችት ሲደርሳቸው ተችውን የመጠራጠር ዝንባሌ ቢያሳዩም፣ ያው ትችት መለኪያው ከፍ ያለ መሆኑን እና ተማሪው ሊደርስበት እንደሚችል ከሚገልጽ ቃል ጋር ሲቀርብ ጽሑፋቸውን አሻሽለው ለመጻፍ ተነሣሥተዋል። ባዶ ሙገሳ፣ በእኔ እምነት፣ ተማሪውን ዝቅ አድርጎ የመገመት ሌላ መልክ ነው።

«ሜንተሩ የግድ ተማሪው ከመጣበት ወገን የመጣ መሆን አለበት።» የጋራ ሕይወት መተማመንን ያፋጥናል፤ ግን ግዴታ ሲሆን፣ ከእነዚህ ወገኖች የመጡት በቁጥር ጥቂት የሆኑ መምህራን ተማሪዎቹን ሁሉ እንዲሸከሙ ይፈረድባቸዋል፤ ያውም የደረጃ ዕድገታቸው ሲታይ እምብዛም በማይቆጠርላቸው ሥራ። ከሌላ ወገን የመጣ ሜንተር ቀጠሮውን አክብሮ፣ የማያውቀውን ጠይቆ ቢሠራ ተማሪውን ሊደግፍ ይችላል።