ከደብረ ብርሃን እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱና የጉዞው ጊዜ

ከደብረ ብርሃን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚደረግ ጉዞ የሚጀምረው በመኪና ነው። ከተማዋ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ስለሌላት ተጓዡ በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ አድርጎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። መንገዱ ከቀና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አዲስ አበባ መግቢያ ላይ መጨናነቅ ስለማይጠፋ ግን ከበረራው ሰባት ሰዓት ቀድሞ መነሣት ይሻላል።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ካርታ ላይ ጎብጦ ይታያል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ ሱዳንንና ሜዲትራኒያንን ያልፍና ከዋሽንግተንም በላይ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ይመለሳል።

ርቀቱ ለመሄጃም ለመመለሻም ያው ሆኖ ሳለ ጊዜው ይለያያል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበረራል። ወደዚያ ሲኬድ ግን አውሮፕላኑ መሐል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ስለሚያርፍ ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ይደርሳል። ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስም ሲሄዱ ይገፋል፣ ሲመለሱ ያግዛል፤ ዋናው ምክንያት ግን የአገራችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ክንፍ የማንሣት አቅሙ፣ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሣት ይከብዳል። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ሲወጣ ለምን ትንፋሹ እንደሚቆራረጥ የከተማው ሰው ያውቃል።

ይህ የክብደት ጉዳይ በየቤቱም አለ። ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በመሸኛው ዋዜማ ሻንጣው በእጅ ሚዛን ይንጠለጠላል፤ 24 ሲል እናት ከበሶው አንዱን ፌስታል ታወጣለች፣ በርበሬውን ግን አትነካም።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሰዓቱን ነው። ትኬት ላይ 01:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 7:30 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ፣ የሐሙስ በረራ የሚባለው እኛ የረቡዕ ሌሊት የምንለው ነው። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጠው ሰው ስላለ ቀኑን ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል።

ከደረሱ በኋላ ለስልክ የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ። የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በበጋቸው (በሙቀቱ ወራት) 7፣ በክረምታቸው (በብርዱ ወራት) 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ ግን በቁጥር ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 8፣ በክረምታቸው 7 ይሆናል።