ኢኤምዲአር፦ የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና ለትልልቅ ሰዎች

ከመኪና አደጋ የተረፈ ሰው ዓመታት አልፈውም የፍሬን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ሊደልቅ፣ እጁን ሊያልበው ይችላል። አደጋው እንዳለፈ ያውቃል፤ ሰውነቱ ግን ገና አላመነም። ኢኤምዲአር በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ታካሚው የደረሰበትን እንዲረሳ አያደርገውም። የሚለወጠው ትዝታው ሲመጣ የሚሰማው ነው። በአማርኛ ብዙም ስላልተጻፈበት እዚህ ጠቅለል አድርጌ አቀርበዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

ሕክምናውን የጀመሩት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ ናቸው። መነሻቸው ሥነ ልቦና አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠኑ ነበር። ካንሰር ሲይዛቸው ጭንቀት በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጓጉ። በዚያው የትምህርት መስመራቸውን ቀየሩ።

በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ መናፈሻ ሲንሸራሸሩ የሚረብሽ ሐሳብ መጣባቸው። ትንሽ ቆይቶ ሐሳቡ በራሱ ቀለል አለላቸው። ምን ተፈጠረ ብለው ራሳቸውን ሲከታተሉ፣ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ ቶሎ ቶሎ እንደሚንቀሳቀስ አስተዋሉ። ከዚያ ሆን ብለው ሞከሩት። ቀጥሎም በሌሎች ሰዎች ላይ ሞከሩት። ብዙዎቹ ዓይናቸውን በራሳቸው ለረጅም ጊዜ ማንቀሳቀስ ስለከበዳቸው ሻፒሮ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ በዓይን እንዲከተሏቸው ማድረግ ጀመሩ። የመናፈሻውን ታሪክ የሚጠራጠሩ ተቺዎች አሉ። ሕክምናው የቆመው ግን ከዚያ በኋላ በመጣው ምርምር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥናት በ1989 ታተመ። ተሳታፊዎቹ 22 ነበሩ፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ይገኙባቸዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተሰጥቷቸው ጭንቀታቸው በጣም መቀነሱ ተዘገበ። አጥኚዋም ሕክምናውን የሰጡትም ሻፒሮ ራሳቸው መሆናቸው ትችት አስነስቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ያኔ ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ ውስጥ ከገባ ገና 9 ዓመቱ ነበር። ለትዝታ ቁስል ይህ ነው የሚባል አጭር ሕክምና አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ስሙ የዓይን እንቅስቃሴንና ጭንቀት ማርገብን ብቻ የሚገልጽ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ "ዳግም ማስተናገድ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጨመረበት። ለውጡ የስም ብቻ አልነበረም። ሰዎች ፍርሃታቸው ከመቀነሱም በላይ ስለ ራሳቸው ያላቸው አመለካከት ሲለወጥ ስለታየ ነው። ሻፒሮ በ2019 በ71 ዓመታቸው አረፉ።

በሕክምናው ክፍል ውስጥ

ሕክምናው 8 ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሕይወት ታሪክ መስማትና ዝግጅት ናቸው። ዝግጅቱ በጭራሽ የሚዘለል አይደለም። ታካሚው ራሱን የሚያረጋጋበትን ዘዴ ይለማመዳል፤ ለምሳሌ ሰላም የሚሰማውን ቦታ በሐሳቡ ይስላል። ማቆም ሲፈልግ የሚያሳየውን የእጅ ምልክትም ከባለሙያው ጋር ይስማማሉ።

ቀጥሎ አንድ ትዝታ ይመረጣል። የትዝታው ከባዱ ምስል የትኛው ነው? ስለ ራስዎ ምን ያሳምንዎታል? ብዙዎች "ጥፋቱ የኔ ነው" ወይም "ምንም አቅም የለኝም" ይላሉ። በምትኩ ምን ማመን ይፈልጋሉ? "የምችለውን አድርጌያለሁ" ሊሆን ይችላል። ይህ አዲስ ሐሳብ ምን ያህል እውነት እንደሚመስለው ታካሚው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይሰጠዋል። የጭንቀቱን መጠን ደግሞ ከ0 እስከ 10 ይለካል። ስሜቱ የት የሰውነት ክፍል ላይ እንዳለም ይጠየቃል፤ ደረት፣ ጉሮሮ፣ ሆድ።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይጀምራል። ታካሚው ምስሉን፣ ሐሳቡንና የሰውነቱን ስሜት ይዞ የባለሙያውን ጣት ወይም የሚንቀሳቀስ መብራት በዓይኑ ይከተላል። ከ20 እስከ 30 ምልልስ ይደረግና ይቆማል። "አሁን ምን መጣ?" ይባላል። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን በቂ ነው። "እሺ፣ እሱን ይዘው ይቀጥሉ።" ባለሙያው አይተነትንም፣ አይመክርም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምሳሌ ባቡር ነው፦ ታካሚው በመስኮት እያየ ነው፣ መልክዓ ምድሩ ያልፋል፣ እሱ ግን ከመቀመጫው አልተነሳም።

በዚህ መሐል የሚመጣው ነገር ያስደንቃል። ከፍርሃት ወደ ንዴት፣ ከንዴት ወደ ሐዘን፣ ከሐዘን ወደ ሌላ የተረሳ ትዝታ ሊኬድ ይችላል። ጭንቀቱ ወደ 0 ሲጠጋ አዲሱ ሐሳብ እንዲጠናከር ይደረጋል። ሰውነቱም ከራስ እስከ እግር ይፈተሻል፤ የቀረ መጨናነቅ ካለ ይሠራበታል። ከዚያ ማረጋጋት ይከተላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ምን እንደተለወጠ ይታያል። አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል።

ለትልልቅ ሰዎች ትልቁ እፎይታ፣ በእኔ እምነት፣ ሁሉን ነገር በዝርዝር መናገር አለማስፈለጉ ነው። እፍረት አፉን የያዘው ሰው ዝርዝሩን ለራሱ ይዞ መዳን ይችላል። ከባድ የቤት ሥራም አይሰጠውም።

ለምን ይሠራል?

ሻፒሮ ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ ነው። አእምሮ በተፈጥሮው ገጠመኝን አጣርቶ ያስቀምጣል። ድንጋጤው ሲበዛ ግን ሥራው ይቋረጣል፤ ትዝታው ከነምስሉ፣ ከነድምፁ፣ ከነፍርሃቱ እንዳለ ይቀራል። ሕክምናው የተቋረጠውን ሥራ ያስጨርሳል።

በቤተ ሙከራ የበለጠ የተፈተሸው ሌላ ማብራሪያ ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነው። ትዝታን እያሰቡ ዓይንን ማንቀሳቀስ ሁለት ሸክም ስለሚሆን ምስሉ ይደበዝዛል። ከደበዘዘ በኋላም እንደደበዘዘ ተመልሶ ይቀመጣል። ውስብስብ ሥዕል መኮረጅም ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። ሕልም ከምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

ማስረጃውና ክርክሩ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ፒቲኤስዲ ላለባቸው ሰዎች ይህን ሕክምና መክሯል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2017 ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ለዘብ ያለ ድጋፍ ነው የሰጠው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2018 ከውጊያ ጋር ባልተያያዘ ጉዳት ለደረሰባቸው ትልልቅ ሰዎች አቅርቦታል።

በ2007 የታተመ ጥናት 88 ሰዎችን ይዞ ሕክምናውን ፍሉኦክሰቲን ከተባለው የድብርት መድኃኒትና መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን ጋር አወዳደረ። ሕክምናው ካበቃ ከ6 ወር በኋላ፣ ኢኤምዲአር ከወሰዱትና ጉዳቱ በትልቅነታቸው ከደረሰባቸው ሰዎች 75 በመቶው ምልክት አልነበረባቸውም። ጉዳቱ በልጅነታቸው ከደረሰባቸው ግን 33 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። የልጅነት ቁስል ጊዜ ይፈልጋል።

ትልቁ ክርክር ስለ ዓይኑ ነው። በ2001 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ የዓይን እንቅስቃሴው የጨመረው ነገር እንደሌለ ደምድሞ ነበር። በ2013 የወጣው ሌላ ማጠቃለያ ደግሞ ይጨምራል አለ። ትዝታውን ደጋግሞ መጋፈጡ ብቻ ነው የሚያድነው የሚሉ ምሁራን ዛሬም አሉ። ሰዎች መዳናቸውን ግን ብዙም የሚክድ የለም።

ጥንቃቄ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕልም ሊበዛ፣ ያልተጠበቀ ትዝታ ሊመጣ ይችላል። ከራሱ ወይም ከአካባቢው የመነጠል ስሜት በጣም የሚያጠቃው ሰው ረዘም ያለ ዝግጅት ያስፈልገዋል። ዓይኑን የሚያመው ታካሚ በእጅ መታ መታ ወይም በግራና ቀኝ ጆሮ በሚፈራረቅ ድምፅ ይታከማል። በቪዲዮ እያዩ ብቻ ከባድ ትዝታን መነካካት ግን አደገኛ ነው፤ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል።

በቡድን

በ1997 ፓውሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ መታ። ተጎጂው ብዙ፣ ባለሙያው ጥቂት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሉሲና አርቲጋስ እዚያ ከተረፉ ልጆች ጋር ሲሠሩ "የቢራቢሮ እቅፍ" የሚባለውን ዘዴ አመጡ። ሁለት እጅ ደረት ላይ ይመሳቀላል። ከዚያ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ቀስ ተብሎ ይመታል፤ መቺው ታካሚው ራሱ ነው። ዛሬ ትልልቅ ሰዎችም በግልም ሆነ በቡድን ሕክምና ይጠቀሙበታል።