የቆዳ ምስል ምርመራ ኮድና ክፍያ በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ አንድ የቆዳ ሐኪም በመሣሪያ ላደረገው ምርመራ ከኢንሹራንስ ክፍያ የሚያገኘው ሥራው በኮድ ተጽፎ ሲቀርብ ነው። ሁለት ዓይነት ኮዶች አብረው ይላካሉ። አንደኛው የተሠራውን ሥራ የሚገልጸው ሲፒቲ ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመውና በየዓመቱ የሚያድሰው ነው። ሁለተኛው ሥራው ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው የበሽታዎች መለያ፣ አይሲዲ 10 ሲኤም፣ ሲሆን አገሪቱ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ትጠቀምበታለች። ሐኪሞች የክፍያ ጥያቄ በሚያቀርቡበት ሲኤምኤስ 1500 በተባለው ቅጽ ላይ እያንዳንዱ የሥራ ኮድ ከአንድ ወይም ከብዙ የበሽታ ኮዶች ጋር ይያያዛል። ሁለቱ ካልተናበቡ ምርመራው የቱንም ያህል በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆን ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል።

በቆዳ ሕክምና ዘወትር የሚሠራበት መሣሪያ ደርማቶስኮፕ ነው። ይህ መብራት ያለው ማጉያ የቆዳን ቀለምና የውስጥ መስመሮቹን ለይቶ ያሳያል፤ የሰለጠነ ሐኪም ሲይዘው ሜላኖማ የተባለውን አደገኛ የቆዳ ካንሰር ገና በጅምሩ ለማግኘትና አላስፈላጊ ናሙና መውሰድን ለመቀነስ ይረዳል። ይሁንና የራሱ ኮድ የለውም፤ የሐኪሙ መደበኛ የምርመራ ክፍያ አካል ሆኖ ነው የሚቆጠረው። እያንዳንዱን ነጠብጣብ በደርማቶስኮፕ በጥንቃቄ የሚያይ ሐኪምና መሣሪያውን ከኪሱ የማያወጣ ሐኪም በመሣሪያው ምክንያት የሚያገኙት የክፍያ ልዩነት አለመኖሩ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

መላ ሰውነትን ፎቶ አንስቶ የቆዳን ለውጥ በጊዜ ብዛት መከታተል ግን 96904 የተባለ ኮድ አለው። ኮዱ የሚያገለግለው ለማንኛውም ሰው ሳይሆን፣ ያልተለመደ ቅርጽ ያላቸው ብዙ ጥቁር ነጥቦች ለታዩበት፣ ወይም ራሱ አለዚያም ቤተሰቡ ሜላኖማ ለነበረበት ነው። ስለዚህ ቀድሞ ሜላኖማ ታሞ የዳነ ሰው ሲመጣ፣ ይህን ታሪክ የሚያመለክተው ዜድ85.820 በቅጹ ላይ መግባቱ ወሳኝ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ምርመራ ነው። መሣሪያው አነስተኛ ኃይል ባለው ሌዘር ቆዳን ሳይቆርጥ እስከ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ያሉ ሴሎችን ያሳያል። ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ያላቸውን ትናንሽ ምስሎች እየገጣጠመም ሞዛይክ የሚባለውን ትልቅ ምስል ያወጣል። ለዚህ ሥራ ከ96931 እስከ 96936 ያሉት ስድስት ኮዶች እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ውለዋል። አደረጃጀታቸው አስተዋይነት የታየበት ነው፤ ምስሉን ያነሳው ክፍልና ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የጻፈው ሐኪም የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከመጀመሪያው ታስቦበታል። አንድ ክሊኒክ በታካሚ ጀርባ ላይ ያሉ ሦስት ነጥቦችን አንስቶ ራሱ ካነበበ ለመጀመሪያው 96931ን አንድ ጊዜ፣ ለቀሪዎቹ 96934ን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ምስሉን ለሌላ ከተማ ሐኪም ልኮ ካስነበበ ግን ክሊኒኩ 96932ን አንዴና 96935ን ሁለቴ፣ አንባቢው ሐኪም ደግሞ 96933ን አንዴና 96936ን ሁለቴ ያስመዘግባሉ። ክሊኒኩ ሳያነብ ማንሳትንም ማንበብንም የሚያጠቃልለውን 96931ን ከላከ ለአንድ ንባብ ሁለት ጊዜ ክፍያ የመጠየቅ ስሕተት ይፈጠራል።

እነዚህ ኮዶች ሞዛይክ ለሚያወጣ መሣሪያ ብቻ የተወሰኑ ናቸው። በእጅ የሚያዘው አነስተኛ ኮንፎካል ሞዛይክ ካላወጣ፣ ስም ላልወጣለት የቆዳ አገልግሎት የተመደበው 96999 ከማብራሪያ ጋር ይቀርባል። ችግሩ፣ ትልቁ መሣሪያ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ቀለበት ስለሚገጠም በአፍንጫና በዐይን አካባቢ በደንብ አለመቀመጡ ነው። ትንሹ መሣሪያ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚያ ሆኖ ሳለ፣ ክፍያው እርግጠኛ ያልሆነውም እዚያው ነው።

የበሽታውን ኮድ በተመለከተ አንድ ደንብ በጥብቅ መያዝ አለበት። ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ ሜላኖማ እጠረጥራለሁ ብሎ ቢጽፍ እንኳ ኮዱን የሚጽፈው ባለሙያ የሜላኖማን ኮድ፣ ሲ43ን፣ መጻፍ አይችልም፤ በተመላላሽ ሕክምና ጥርጣሬ እንደተረጋገጠ በሽታ አይመዘገብም። ደንቡ የሚጠብቀው ታካሚውን ነው፤ ማርያም የሳመችው ነጥብ ሊያስመረምር የመጣ ሰው የሌለበት ካንሰር በኢንሹራንስ መዝገቡ ላይ ተጽፎ እንዳይቀር ያደርጋል። ዲ48.5 እና ዲ49.2ም ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የመጀመሪያው ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ አይቶት ወደ ካንሰር ያዘንብል አያዘንብል መለየት ያልቻለውን እብጠት፣ ሁለተኛው ደግሞ ምንነቱ ገና ያልተገለጸውን ይወክላል። ናሙና ሳይወሰድ ዲ48.5 መጻፍ ስሕተት ነው። የናሙና አወሳሰድ ኮዶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ተለውጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ 11102 ለተላጨ፣ 11104 በክብ መቁረጫ ለወጣ፣ 11106 በምላጭ ተቀድዶ ለተወሰደ ናሙና ይውላሉ።

የሰውነት ክፍሉም በትክክል መጻፍ አለበት። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው ቦብ ማርሌይም ሜላኖማው የጀመረው በእግሩ ጣት ላይ ነው። በቀኝ እግር ሲሆን ሲ43.71፣ በግራ ሲሆን ሲ43.72 ይጻፋል። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ የኮንፎካል ብርሃን ወደሚፈለገው ጥልቀት በቀላሉ አይደርስም፤ በመሆኑም ኮድ የተሰጠው ይህ ምርመራ ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ የሚሰጠው ጥቅም ያነሰ ነው፤ ኮድ የሌለው ደርማቶስኮፕ ግን እዚያም ይሠራል።

አዳዲስ መሣሪያዎች በመጀመሪያ የሚያገኙት መጨረሻው ላይ ቲ የሚል ፊደል ያለበት ጊዜያዊ ኮድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው፣ ሜላኖማን ለመለየት የሚረዳው ሜላፋይንድ የተባለ መሣሪያ 0400ቲ እና 0401ቲ ተሰጥተውት ነበር፤ ኮዶቹም መሣሪያውም ዛሬ በሥራ ላይ የሉም። ጊዜያዊ ኮድ መኖሩ ኢንሹራንስ ይከፍላል ማለት አይደለም።

ለአረጋውያን በተቋቋመው ሜዲኬር ሥር ያለ ታካሚ፣ ሐኪሙ አገልግሎቱ አስፈላጊ አይደለም ተብሎ ክፍያው ሊከለከል ይችላል ብሎ ከገመተ፣ ከምርመራው በፊት ግምታዊ ዋጋው የሰፈረበት ማስታወቂያ ሊሰጠውና ለመቀጠል ወይም ለመተው ሊመርጥ ይገባል። ማስታወቂያው ሳይሰጠው ከቀረ ወጪው በአብዛኛው በሐኪሙ ላይ ይወድቃል። ታካሚው ሜዲኬር ስለ ክፍያው የሰጠው ውሳኔ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ባሉት 120 ቀናት ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል፤ ያኔ ከቅሬታው ጋር የሚያያዙት የሐኪሙ ሪፖርት፣ የተነሱት ምስሎችና ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው የመዝገብ ገጽ ናቸው።